ተቀባይ ያገኘ ትምህርት

ዳንግላ ላይ ግንቦት ሳያልቅ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ይጠቁራል። ዝናቡ የትምህርት ቤቱ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ መምህሩ የቱንም ያህል ቢጮህ ድምፁ ከፊተኛው ወንበር አያልፍም። ያለው ምርጫ ጠመኔውን አስቀምጦ ዝናቡ እስኪያባራ መጠበቅ ወይም ፊቱን አዙሮ ሰሌዳው ላይ መጻፍ ነው። ያን ጊዜ ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው አንድ ድምፅ ብቻ ነው፤ አፉን ወደ ጆሮ አስጠግቶ የሚናገር፣ ከጎን የተቀመጠ ልጅ ድምፅ።

የዘጠነኛ ክፍል ፊዚክስ ነው እንበል። ሁለተኛ ደረጃ ላይ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ መምህሩ ሰሌዳው ላይ በእንግሊዝኛ ጽፎ በአማርኛ አፍታትቶታል። ከከተማው ዙሪያ ገጠር የመጣችው ልጅ ግን ቤቷ የምትናገረው አገውኛ ነው። ፊደል የቆጠረችውም በአገውኛ ነው፤ በአዊ ዞን የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ቋንቋው ማስተማሪያ የሆነው ከ1980ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ነው። እናም የኒውተን ሁለተኛ ሕግ እሷ ዘንድ እስኪደርስ ሁለት ቋንቋ ማለፍ አለበት። ከጎኗ ያለው ልጅ አገውኛ ይችላል። «ባዶ ጋሪና ጤፍ የጫነ ጋሪ አንድ ዓይነት ፈረስ ቢስባቸው እኩል ይፈጥናሉ?» ይላታል። «አይፈጥኑም።» «ታዲያ የጫነውን ከባዶው እኩል ለማስሮጥ ምን ትጨምሪያለሽ?» «ሌላ ፈረስ።» ትንሽ ዝም ትልና፣ «መንገዱ ቁልቁለት ከሆነስ?» ብላ ትጠይቀዋለች። ልጁ ይህን አላሰበበትም። ደብተሩን መልሶ ይገልጣል።

ደብተሩ እንደገና የተገለጠበትን ምክንያት ልብ ማለት ይገባል። ስለ ቡድን ትምህርት ሲወራ ሁልጊዜ የሚነገረን ጎበዙ ሰነፉን ይረዳል፣ የደከመው ይበረታል የሚል ነው። ነገሩ ውሸት አይደለም፤ ግን ግማሽ ነው። በዚህ አባባል ትምህርት ካለው ወደ ሌለው የሚሄድ ምጽዋት ይሆናል፤ ሰጪው ሲሰጥ ደግነት እንጂ ሌላ የሚያተርፈው የለም። እዚህ ግን የሰጪው እውቀት ራሱ ጎደሎ ሆኖ ተገኘ። ጎደሎነቱን ያሳየውም መምህሩ ወይም ፈተናው አልነበረም፤ እየተቀበለች የነበረችው ልጅ ናት። እሷ ባትጠይቀው ኖሮ ሕጉን እንደሚያውቅ አምኖ ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር።

ማወቅ ሲባል ብዙዎቻችን ሰው በልቡ ያኖረውን ነገር እናስባለን። ያኖረው ነገር በእርግጥ እውቀት መሆኑን ግን ባለቤቱ በምን ያረጋግጣል? ብቻውን ሲያስበው ሁሉም ነገር የተያያዘ ይመስለዋል፤ ያልገባውን ቦታ አእምሮው በፍጥነት ስለሚያልፈው ክፍተቱ አይታየውም። ለሌላ ሰው መናገር ሲጀምር ግን ያን ቦታ መዝለል አይችልም፤ ሰሚው እዚያው ላይ ያቆመዋል። ስለዚህ እላለሁ፤ ተቀባይ ያላገኘ እውቀት ገና ያልተፈተነ እውቀት ነው። የአብሮ መማር ዋጋ የሚመነጨው ከተናጋሪው ይልቅ ከሰሚው ነው፤ እኛ ደግሞ በትምህርት ቤቶቻችን ተናጋሪን ለማፍራት ስንደክም ሰሚን ረስተነዋል።

የሃርቫርድ የፊዚክስ መምህር ኤሪክ ማዙር በ1990ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ያገኘው ከዚህ ጋር ይገጥማል። ተማሪዎቹ ቀመር ያለበትን ከባድ ጥያቄ ይሠራሉ፤ በተራ ቋንቋ ስለ ኃይልና ስለ እንቅስቃሴ ሲጠየቁ ግን ይሳሳታሉ። አንድ ቀን አንዱን ጥያቄ ደጋግሞ ቢያስረዳቸውም ሊገባቸው ስላልቻለ፣ እስቲ ከጎናችሁ ካለው ጋር ተነጋገሩበት አላቸው። አዳራሹ በጫጫታ ተሞላ፤ በጥቂት ደቂቃ ውስጥም ነገሩን ፈቱት። ማዙር የሰጠው ምክንያት ይህ ነው፤ ነገሩ የገባው ገና ዛሬ የሆነ ተማሪ የቱ ጋ እንደተቸገረ ያስታውሳል፤ ከብዙ ዓመት በፊት የገባው መምህር ግን ችግሩን ራሱን ረስቶታል። ይህ የመምህሩ ጥፋት አይደለም። ጠንቅቆ ማወቅ ያለማወቅን መንገድ ያስረሳል፤ ለዚህ ነው ከመምህሩ ሌላ አስረጂ የሚያስፈልገው።

ዳንግላ ያለችበት ጎጃም ይህን አብሮ መማር ከጥንት ጀምሮ ሲሠራበት ኖሯል። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ የቅኔ አገሮች ናቸው፤ ከየአውራጃው የመጣ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን ይዞ፣ ቁራሽ እየለመነ የተማረባቸው። ቅኔ ቤት የገባ ሰው ግስ ያወርዳል፣ አገባብ ያጠናል፤ ከዚያ ሁለት ቤት ባላት በጉባኤ ቃና ይጀምርና በዘአምላኪየ፣ በሚበዝኁ፣ በዋዜማ፣ በሥላሴ እያለ እስከ መወድስ ይወጣል። ቀን ቀን ለብቻው ነው። ጥሻ ለጥሻ፣ ከአንዱ ዛፍ ሥር ወደ ሌላው እየዞረ ቅኔ ይቆጥራል፤ ያን ጊዜ የሚያነጋግረው ሰው አይፈልግም። ሲመሽ ግን ያበጀውን ይዞ መምህሩና ጓደኞቹ ፊት ይቀርባል። ይነግራል፤ መምህሩ ያርማሉ፤ ሌሎቹ ይሰማሉ። የአንዱ ስሕተት ሲታረም የሰማው ሁሉ አብሮ ይታረማል። ከፍ ያለው ተማሪ ደግሞ በበኩሉ ለጀማሪው ያስቆጥራል፤ ጀማሪውን እያስቆጠረ የራሱን ሰዋስው ያጸናል።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ ሁለት ነገሮች በተለይ ያስደንቁኛል። አንደኛው፣ አብሮ መማርና የራስን መሥራት አይጣሉም። ቅኔ በየጊዜው አዲስ መሆን አለበት፤ የሌላውን ቅኔ የራሴ ነው ብሎ ማቅረብ ነውር ነው። ተማሪው ቀኑን ሙሉ ብቻውን የሚደክመው ለዚህ ነው፤ ማታ ወደ ጉባኤው የሚመጣው ግን ድካሙን ሌሎች እንዲመዝኑለት ነው። ብቸኝነቱና ጉባኤው እየተፈራረቁ ይሄዳሉ፤ አንዱ ቢጎድል ሌላው ይበላሻል። ሁለተኛው፣ መስማት ራሱን የቻለ ሥራ ሆኖ መቆጠሩ ነው። በቤተ ክርስቲያን ቅኔ ሲቀርብ ነጋሪው ብቻውን አይቆምም፤ ከአፉ እየተቀበለ የሚያሰማ አጠገቡ አለ። ቅኔውን ያልተረዳ ሊቀበለው አይችልም፤ ቢቀበለውም ይስተዋልበታል። ጽላሎ ላይ ቅኔ ያስተማሩት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ዐይነ ስውር ነበሩ። ቅኔን ከአባታቸው ተምረው ለብዙ ተማሪ መምህር የሆኑት በጆሮ ነው፤ የተማሪውን ስሕተት የሚያገኙትም በጆሮ ነው። ወንድ በሞላበት ጉባኤ አንዲት ሴት ያለ ብራና፣ ያለ ዐይን ወንበር ይዘው ማስተማራቸው፣ መስማት የቱን ያህል ጥልቅ እንደሆነ ይናገራል።

ቅኔ ቤትን ሳነሣ ግን ጉድለቱን መሸፈን አልፈልግም። ረሃብ፣ እከክና የውሻ ንክሻ ነበረበት፤ ከእማሆይ ገላነሽና ከጥቂቶች በቀር ሴት አይገባበትም ነበር። ወደዚያ እንመለስ የሚል ሐሳብ የለኝም። ከዚያ ቤት የምፈልገው የማታውን ሥርዓት ነው፤ ሰው የደከመበትን ይዞ የሚቀርብበትን፣ ሌላው ሥራዬ ብሎ የሚሰማበትን።

ዘመናዊው ትምህርት ቤታችን ከዚህ ጋር ተገናኝቶ ያውቃል ወይ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከወጣ ወዲህ «ተማሪ ተኮር»፣ «አሳታፊ» የሚሉ ቃላት ከመምህራን ሥልጠና ተለይተው አያውቁም። በሌላ በኩል 1997 ዓ.ም. ገደማ ወደየሁለተኛ ደረጃው የገባው የፕላዝማ ቴሌቪዥን ተማሪውንም መምህሩንም አብሮ ዝም አሰኛቸው፤ በሳተላይት የሚመጣው እንግሊዝኛ ጥያቄ ጠይቆ መልስ ሳይጠብቅ ያልፍ ነበር፤ ለመምህሩ የተረፉት መክፈቻና መዝጊያ ላይ ያሉ ጥቂት ደቂቃዎች ነበሩ። ያ ዕቃ ሰሚ ሊሆን አይችልም ነበር፤ ያልገባው ልጅ ፊት ላይ የሚታየውን ነገር አያይም ነበር።

ከዚያ በ2004 እና በ2005 ዓ.ም. አካባቢ አንድ ለአምስት የሚባለው አደረጃጀት መጣ። ተማሪዎች በውጤታቸው ተደልድለው አንድ ጎበዝ አምስቱን ይመራ ነበር፤ ይሰበሰቡ፣ ቃለ ጉባኤ ይይዙ፣ ሪፖርት ያቀርቡ ነበር። ሐሳቡን ያመጡት ሰዎች ክፋት አስበዋል አልልም። በስድሳ ተማሪ ክፍል ውስጥ እውነተኛ ጥቅም ያገኘ ልጅ እንዳለም አልጠራጠርም። ነገር ግን ያው አደረጃጀት በቀበሌው፣ በግብርናው፣ በጤናው ከፖለቲካ መዋቅር ጋር ተቆራኝቶ ስለነበር ተማሪው ልጅም ቢሆን ቡድኑ ለማን እንደሚሠራ ወዲያው ገባው። ሪፖርቱ ከሥር ወደ ላይ ይሄድ ነበር፤ ጥያቄ ግን ከጎን ወደ ጎን አልሄደም። መሪው ሁልጊዜ መሪ፣ ተመሪው ሁልጊዜ ተመሪ ሆኖ ቀረ። አምስቱ የአንዱን መልስ ይገለብጡ ነበር፤ አንዱ ደግሞ አምስት ሰው ተሸክሞ ይማረር ነበር።

የአገሬ ገበሬ ይህን ልዩነት ጠንቅቆ ያውቀዋል። ደቦ የሚጠራው ባለ እርሻው ነው፤ ጠላው ይጠመቃል፣ ሰው ይወጣል፣ የሚታጨደው የጠሪው እህል ነው። ወንፈል ግን ተራ አለው፤ ዛሬ ያንተ ማሳ ላይ የዋልኩትን ነገ አንተ የእኔ ማሳ ላይ ትውልልኛለህ፤ ማሳ የሌለው ሰው ወንፈል አይገባም። በየክፍሉ የምናየው የቡድን ሥራ አብዛኛው ደቦ ነው፤ አሳይመንቱ የጎበዙ ነው፣ ሌሎቹ ስማቸውን አስጽፈው ይበተናሉ። ወንፈል እንዲሆን እያንዳንዱ ልጅ የራሱ ማሳ ሊኖረው ይገባል፤ ሌሎቹ የሌላቸው፣ ከእሱ በቀር ከማንም የማያገኙት ነገር።

ይህን በክፍል ውስጥ ማድረግ እንደሚቻል ካሳዩት አንዱ የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኤልየት አሮንሰን ነው። በ1971 እ.ኤ.አ. በቴክሳስ ኦስቲን የነጭ፣ የጥቁርና የሜክሲኮ ዝርያ ያላቸው ልጆች ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ክፍል ሲቀመጡ ትምህርት ቤቶቹ በጠብ ተናጡ። አሮንሰንና የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹ ትምህርቱን ቆራርጠው ለልጆቹ አከፋፈሉት። ርእሱ የአንድ ሰው ታሪክ ከሆነ አንዱ ልጅ ልጅነቱን፣ ሌላው ወጣትነቱን፣ ሌላው ሥራውን ይይዛል፤ ፈተናው ግን በሙሉ ታሪኩ ላይ ነው። አሮንሰን ካርሎስ ብሎ ስለሚጠራው ልጅ ይተርካል። እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋው ነው፤ ሲናገር ይደናቀፋል፣ ልጆቹም ይስቁበታል። ቀድሞ መምህሩ ስለሚያዝንለት አይጠይቀውም ነበር። አሁን ግን የታሪኩ አንድ ክፍል ያለው በካርሎስ እጅ ብቻ ነው፤ ቢስቁበት የሚወድቁት ራሳቸው ናቸው። ልጆቹ ቀስ በቀስ ጥሩ ጥያቄ መጠየቅ ተማሩ፤ ጥያቄው ጥሩ ሲሆን ካርሎስ ጥሩ መናገር ጀመረ።

ይህ ታሪክ ወደ ዳንግላ ይመልሰኛል። አገውኛ ተናጋሪዋ ልጅ በክፍሉ ሁሉ ፊት ዝም የምትለው የምትናገረው አጥታ አይደለም፤ አማርኛዋ ሲሰበር የሚስቅባት ስላለ ነው። መምህሯም ብዙ ጊዜ እንዳትሸማቀቅ ብሎ ያልፋታል። መታለፉ ከርኅራኄ የመጣ ነው፤ ውጤቱ ግን ልጅቷ ዓመቱን ሙሉ ከጎኗ ካለው ልጅ በቀር ማንም ሳይሰማት መማሯ ነው። መፍትሔው እሷን ማደፋፈር ብቻ አይመስለኝም። ደፋር ሁኚ ብሎ መምከር ሸክሙን መልሶ እሷው ላይ መጫን ነው። ሌሎቹ እሷን ለመስማት የሚገደዱበት፣ እሷን ካልሰሙ የሚጎድልባቸው ትምህርት መዘጋጀት አለበት።

አሁን ክርክር የሚያነሣ ወላጅ ይኖራል፤ መስማት ያለብንም ነው። የመጨረሻው ፈተና ልጄን ብቻውን አስቀምጦ ነው የሚጠይቀው፤ አብሮ መሥራት ኩረጃን ያስተምረዋል ይላል። ስጋቱ ከባዶ የመጣ አይደለም። በኩረጃና በፈተና መሰረቅ ምክንያት የ12ኛ ክፍል ፈተና በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ሲዛወር ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ፤ በቀጣዩ ፈተና 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. ፈተና 5.4። እነዚህ ቁጥሮች አገሪቱን ማስደንገጣቸው ተገቢ ነው። ድንጋጤው ግን ልጆችን ከመነጋገር ወደ መከልከል እንዳይወስደን እፈራለሁ። ኮራጅና አስኮራጅ አብረው እየሠሩ አይደሉም። መልሱ ከወረቀት ወደ ወረቀት ሲያልፍ ማንም አልጠየቀም፣ ማንም አላስረዳም፤ ተቀባዩም የተቀበለው ነገር ምን እንደሆነ አያውቅም። እንዲያውም ኩረጃ የሚበዛው ልጆች ዓመቱን ሙሉ አንዱ ለሌላው አስረድቶ በማያውቅበት ክፍል ይመስለኛል፤ ያልተነጋገሩበትን ነገር በመጨረሻው ሰዓት ከመገልበጥ በቀር ምን ያደርጉታል? ከቅኔ ቤቱ ልጅ ጋር ያለው ልዩነት እዚህ ላይ ነው፤ እሱ ማታ ማታ ሲታረም ስለኖረ በበዓሉ ቀን የሰው ቅኔ አያስፈልገውም።

ክፍሉ ራሱም ያስቸግራል። ኮምባይንድ ዴስክ ሁሉንም ፊት ለፊት ወደ ሰሌዳው አዙሮ ያስቀምጣል፤ አንዱ ልጅ የሚያየው የሌላውን ጀርባ ነው። ቡድን ለመሥራት የፊተኞቹ ዴስኩ ላይ እግራቸውን አሻግረው ወደ ኋላ መዞር አለባቸው፤ ሦስት የሚቀመጡበት ላይ አራት ካሉ ያም አይቻልም። መምህሩም እንደ ተማሪው ብቸኛ ነው። የጉድኝት ማዕከሎች የተቋቋሙት በአካባቢው ያሉ ትምህርት ቤቶች መምህራን ተገናኝተው እንዲማማሩ ነበር፤ ስብሰባው ቅጽ የሚሞላበት ሲሆን ግን አንዱ የሌላውን ክፍል ገብቶ ሳያይ ዓመቱ ያልቃል። ሰሚ አግኝቶ የማያውቅ መምህር ተማሪዎቹን መስማት እንዲያስተምር መጠበቅ ይከብዳል።

ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል በቀጠለው ግጭት ትምህርት ቤቶች ተዘግተው በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ርቀዋል። ይህን ሳላነሣ ስለ ማስተማር ዘዴ ብቻ ማውራት አልችልም። ትምህርት ቤት ሲዘጋ የሚቋረጠው መምህሩን ማግኘት ብቻ አይደለም፤ ልጆቹ እርስ በርስ መገናኘታቸውም ይቋረጣል። መጽሐፉ ቤት ቢኖር እንኳ «ቁልቁለት ከሆነስ?» ብላ የምትጠይቅ ጓደኛ የለችም። ተመልሰው ሲገናኙ የእያንዳንዳቸው ጉድለት የተለያየ ይሆናል፤ አንዱ ታላቅ ወንድም አስጠንቶት ይሆናል፣ ሌላዋ ከብት ስትጠብቅ ከርማ ይሆናል። ለሁሉም አንድ ትምህርት ከመጀመሪያው ገጽ መድገም አያዋጣም። የሚያዋጣው ያለው ላጣው የሚያስረዳበት ጊዜ ነው፤ ነገር ግን ያጣው ልጅ በሌላ ነገር ባለጸጋ የሚሆንበት ትምህርትም ጎን ለጎን ሊታሰብለት ይገባል።

ለዳንግላ ክፍል እንዲህ ያለ ትምህርት አንድ ይታየኛል። የሰባቱ ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ነው፤ ጥር 23 በየዓመቱ እንጅባራ ላይ ፈረሱ አጊጦ ሲወጣ የማያይ ልጅ የለም፤ የሰባቱን የአገው ቤቶች ታሪክ የሚያውቅ የከተማ ልጅ ግን ብዙ አይደለም። መምህሩ ክፍሉን በሰባት ይክፈለው፤ አንዱ ቡድን ባንጃን፣ ሌሎቹ አንከሻን፣ አዘናን፣ ዚገምን፣ ኳኩራን፣ ጫራን፣ መተከልን ይያዙ። መተከል የደረሰው ቡድን ስሙን ዛሬ ከክልሉ ወሰን ማዶ ያገኘዋል፤ እሱም ጥያቄ ይወልዳል። ታሪኩ ያለው በአያቶች ዘንድ ነው፤ አያቶቹ የሚናገሩት ደግሞ በአገውኛ ነው። ያች ዝም ያለች ልጅ አሁን ሁለት ቋንቋ ያላት ብቸኛዋ የቡድኑ አባል ልትሆን ትችላለች። ከሳምንት በኋላ ቡድኖቹ ይፍረሱና በእያንዳንዱ አዲስ ቡድን ከሰባቱም አንድ አንድ ልጅ ይግባ። ሁሉም የያዘውን ይናገር፣ ሌሎቹ ይጠይቁ። ነጥብ ሲሰጥ ስለ ዚገም የሚጠየቀው ዚገምን ያጠናው አይሁን፤ ከእሱ የሰማችው ትጠየቅ፣ ነጥቡም የሁለቱ ይሁን። መልሱ የተዛባ እንደሆነ ወደ ዴስካቸው ተመልሰው እሱ እንደገና ያስረዳት፣ እሷም እንደገና ትጠይቀው፤ ለዚህ የሚሆን አሥር ደቂቃ ከክፍለ ጊዜው ላይ አስቀድሞ መቀነስ አለበት።